ሄር ኢሴ

ሄር ኢሴ (ሔር ዒሴ ተብሎም ይጻፋል) የሶማሌ ኢሳ ጎሳ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ያቆየው ባህላዊ ሕግ ነው። ሕጉ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ በሚኖሩ የኢሳ ማኅበረሰቦች ዘንድ ይሠራበታል። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገሮችን አጣምሮ ይይዛል፦ ማኅበረሰቡ እንዴት እንደሚመራ የሚደነግግ ሕገ መንግሥት፣ ለጉዳት ካሳ የሚተምን የወንጀል ሕግ፣ እንዲሁም ሰው ከሰው ጋር እንዴት መኖር እንዳለበት የሚያስተምር የሥነ ምግባር ደንብ ነው። በኅዳር 2017 ዓ.ም. (2024 እ.ኤ.አ.) በፓራጓይ ዋና ከተማ አሱንሲዮን በተካሄደው የዩኔስኮ ጉባኤ፣ ሦስቱ አገሮች በጋራ ባቀረቡት ጥያቄ መሠረት በዓለም የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ኢሳዎች በታሪክ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚነሱት በጦረኝነታቸው ነው። ወንድ ልጅ ሁሉ ጦርና ጋሻ ይዞ በሚያድግበት፣ ፖሊስም መደበኛ ሠራዊትም ባልነበረበት በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ የጦረኛውን እጅ የሚይዘው ግን ሄር ኢሴ ነበር። ስለዚህ የኢሳን የጦረኛ ባህል ከሕጉ ነጥሎ መረዳት አይቻልም።

ስያሜ

"ሄር" በሶማሊኛ ሕግ፣ ደንብ ወይም ስምምነት ማለት ነው። ቃሉ በሌሎች የሶማሌ ጎሳዎችም ዘንድ የሚሠራበት ሲሆን፣ ሁለት ጎሳዎች ስለ ግጦሽ ወይም ስለ ውኃ ጉድጓድ የሚገቡት ውል ሳይቀር ሄር ይባላል። "ኢሴ" የጎሳው ስም ነው፤ በአማርኛ የተለመደው አጠራሩ ኢሳ ነው። የሁለቱም ቃላት የመጀመሪያ ድምፆች በሶማሊኛ ከጉሮሮ የሚወጡ ናቸው። በዛሬው አማርኛ እነዚህ ድምፆች ስለማይለዩ አንዳንድ ጸሐፊዎች በ"ሐ" እና በ"ዐ" ፊደላት ይጽፏቸዋል።

ሕዝቡና አካባቢው

ኢሳ ዲር ከሚባለው ትልቅ የሶማሌ የጎሳ ቤተሰብ አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ውስጥ በዋናነት የሚኖሩት በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን (የቀድሞው ሽኒሌ ዞን) እና በድሬዳዋ ከተማና በዙሪያዋ ነው። አካባቢው ከሐረርጌ ተራሮች ሥር ጀምሮ ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚዘረጋ ሞቃትና ደረቅ ሜዳ ነው። በሰሜንና በምዕራብ ከአፋር፣ በደቡብ ከኦሮሞ፣ በምሥራቅ ከገደቡርሲ ሶማሌዎች ጋር ይዋሰናሉ።

ኑሯቸው በአብዛኛው በግመል፣ በፍየል፣ በበግና በከብት እርባታ ላይ የተመሠረተ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ሰውም ከብትም ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይጓዛል። በጉዞውም የሌላውን ግጦሽና ጉድጓድ መንካት አይቀርም። የግጭቱም የሕጉም ሥር እዚህ ላይ ነው።

የጎሳው ስም በአንድ ወቅት የአገር መጠሪያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። የዛሬዋ ጅቡቲ ከ1967 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. "የፈረንሳይ የአፋርና የኢሳ ግዛት" ተብላ ትጠራ ነበር። ነፃ ከወጣች በኋላ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆኑት ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶንና እርሳቸውን የተኩት ኢስማኢል ዑመር ጌሌ የኢሳ ተወላጆች ናቸው።

አመጣጥ

በቃል ታሪክ መሠረት ሄር ኢሴ የተደነገገው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። ያ ዘመን በአፍሪካ ቀንድ የመከራ ዘመን ነበር። የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት፣ ቀጥሎም የመጣው ታላቅ የሕዝብ እንቅስቃሴ፣ የቀድሞዎቹን ግዛቶች አፍርሶ ብዙ ማኅበረሰቦችን ያለ ጠባቂ አስቀርቷል። በዚህ ጊዜ ተበታትነው የነበሩ ጎሳዎች አንድ ላይ ለመኖር ቃል ኪዳን ገቡ።

44 ሽማግሌዎች ሲቲ በተባለው ቦታ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ረጅም ጊዜ ተወያይተው ሕጉን እንዳወጡ ይነገራል። ዞኑ ዛሬ የሚጠራበት ስም ከዚህ ቦታ ስም ጋር አንድ ነው።

ቃል ኪዳኑን የገቡት ሁሉ ከአንድ አባት የተወለዱ አልነበሩም። ኢሳ ስድስት ዋና ዋና ጎሳዎችን ያቅፋል፤ ከፊሎቹ በትውልድ፣ ሌሎቹ ግን በስምምነት የተቀላቀሉ ናቸው። ሕጉ በሁለቱ መካከል ልዩነት አያደርግም። የመጤውም የነባሩም ደም እኩል ዋጋ አለው። በሶማሊኛ የጎሳዎች ኅብረት "ጋሻንቡር" ይባላል፤ ቃሉ ሲተረጎም "የጋሻ ክምር" እንደ ማለት ነው። ጋሻቸውን በአንድ ላይ የከመሩ ሰዎች እርስ በርስ አይዋጉም፣ ጠላት ሲመጣም አብረው ያነሡታል።

አደረጃጀት

ዑጋዝ

የኢሳ የበላይ መሪ ዑጋዝ ይባላል። ማዕረጉ ብዙውን ጊዜ በአማርኛ "ንጉሥ" ተብሎ ቢተረጎምም፣ ሥልጣኑ ከሰሎሞናዊው ንጉሠ ነገሥት ሥልጣን ጋር አይመሳሰልም። ዑጋዝ ሠራዊት አይመራም፣ ግብር አይጥልም፣ በራሱ ፈቃድ ብቻ ሕግ አያወጣም። ሥራው መመረቅ፣ ማስታረቅና የማኅበረሰቡን አንድነት በአካሉ ማሳየት ነው። ጉባኤ የተስማማበትን ያጸድቃል እንጂ ጉባኤውን አይሽርም።

ዑጋዝ የሚመረጠው ወርዲቅ ከተባለው ጎሳ ነው። ወርዲቅ በጦር ኃይል ሳይሆን በሃይማኖታዊ ክብር የሚታወቅ ጎሳ ነው። በባህሉ እንደሚነገረው ሥልጣኑን የሚመኝ ሰው ለዑጋዝነት አይታጭም። ሽማግሌዎች በምስጢር ጠባዩንና የትውልድ ምልክቱን አጥንተው አንድ ሰው ከመረጡ በኋላ እንደ ምርኮኛ ይዘው ይወስዱታል፤ ሥርዓተ ንግሡም በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ከምትገኘው ጥንታዊቷ የዘይላ ወደብ ጋር የተያያዘ ነው። በቅርብ ዘመን ማዕረጉን የያዙት ዑጋዝ ሐሰን ሂርሲ ሲሆኑ፣ ከእርሳቸው በኋላ ዑጋዝ ሙስጠፋ ሙሐመድ ኢብራሂም ተተክተዋል።

ጋንዴና ጉዲ

ከዑጋዙ ጎን 44 አባላት ያሉት ከፍተኛ ምክር ቤት አለ፤ ጋንዴ ይባላል። ቁጥሩ ሕጉን ያወጡትን ሽማግሌዎች ያስታውሳል። ከዚያ በታች በየደረጃው ጉዳዮችን የሚያዩ የሽማግሌዎች ሸንጎዎች አሉ፤ እነዚህ ጉዲ ይባላሉ። ውሳኔ የሚሰጠው በድምፅ ብልጫ ሳይሆን ሁሉም እስኪስማማ በመነጋገር ነው። ለዚህም ነው አንድ ክርክር ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ሊወስድ የሚችለው።

ጦረኛው

በሶማሌ አርብቶ አደር ባህል ወንዶች በሁለት ይከፈላሉ፦ ወረንሌ እና ወዳድ። "ወረን" ጦር ማለት ሲሆን ወረንሌ "ባለ ጦር" ማለት ነው። ወዳድ ደግሞ የሃይማኖት ሰው ነው። ኢ.ኤም. ሉዊስ የተባለው የእንግሊዝ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ክፍፍል በሰፊው ገልጾታል። ወዳድ ካልሆነ በስተቀር ጤነኛ ወንድ ሁሉ ወረንሌ ነው። ይህ ማለት ጦረኛነት እንደ አውሮፓ ባላባቶች ወይም እንደ ጃፓን ሳሙራዮች የአንድ መደብ መብት አልነበረም። እረኛው፣ ነጋዴው፣ ገጣሚውም ጦረኛ ነው። ጦር የያዘ ሰው ሁሉ በሸንጎ የመናገር መብት አለው።

የጦረኛው ትጥቅ ጦር፣ ከቆዳ የተሠራ ክብ ጋሻና ከወገብ የሚታሰር ጩቤ ነበር። በ1854 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከዘይላ ተነሥቶ በኢሳና በገደቡርሲ ምድር በኩል አቋርጦ በጥር 1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሪቻርድ በርተን፣ ሰው የገደለ ተዋጊ የሰጎን ላባ በጸጉሩ ላይ ይሰካ እንደነበር ጽፏል። ግዳይ የጣለ ሰው ምልክት ማድረጉ በደጋውም የታወቀ ስለሆነ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች እንግዳ ነገር አይደለም።

የዘመቻ መሪ "አባንዱሌ" ይባላል። ሥልጣኑ ከዘመቻው ጋር ይጀምራል፣ ከዘመቻውም ጋር ያበቃል፤ ከድል በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ እንደማንኛውም ሰው ነው። ሰላማዊው ዑጋዝና ጊዜያዊው አባንዱሌ መለያየታቸው የጦር ድል ያገኘ ሰው በድሉ ተጠቅሞ ገዥ እንዳይሆን ያግዳል።

ግጥም የጦረኛ ሕይወት ክፍል ነው። "ጌራር" የሚባለው የሶማሌ የግጥም ዓይነት በጥንት ጊዜ በፈረስ ላይ ሆኖ ስለ ጦርነትና ስለ ጀግንነት የሚዜም ነበር። በሚናው ከደጋው ቀረርቶና ፉከራ ጋር ይቀራረባል። በግጥም ጦር ሊነሣ እንደሚችል ሁሉ በግጥም እርቅ ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ አንደበተ ርቱዕ ሰው ከጥሩ ተዋጊ ያላነሰ ይከበራል።

የጦርነት ሕግ

ሄር ጦርነትን አይከለክልም፤ ገደብ ያበጅለታል። በሶማሌ ባህል ውስጥ "ቢሪ ማ ገይዶ" የሚባል ደንብ አለ። ሐረጉ "ብረት የማይነካቸው" የሚል ትርጉም ያለው ሲሆን፣ በጦርነት ጊዜ መገደል የሌለባቸውን ሰዎች ይዘረዝራል። ከእነዚህም መካከል፦

ሴቶችና ሕፃናት፤
ሽማግሌዎችና ሕሙማን፤
ወዳዶች፣ ማለትም የሃይማኖት ሰዎች፤
እንግዶችና በጎሳው ከለላ ሥር ያሉ ሰዎች፤
ለእርቅ የተላኩ መልእክተኞች።

ከእነዚህ አንዱን የገደለ ሰው ጀግና አይባልም፤ በራሱ ወገን ላይ ነውርና ከባድ ዕዳ ያመጣል። የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ደንብ አስጠንቶ "ከጦር የተረፉ" የሚል ትርጉም ባለው ርእስ አሳትሞታል። የጥናቱ ፍሬ ነገር በ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነቶች የተጻፉት ብዙዎቹ ጥበቃዎች በሶማሌ ምድር ቀድሞም የታወቁ መሆናቸውን ማሳየት ነበር።

ደንቡ የሚሠራበት ምክንያት ርኅራኄ ብቻ አይደለም። የዛሬ ጠላት ነገ በድርቅ ጊዜ ግጦሹን የሚያካፍል ጎረቤት፣ ወይም የልጅ አማች ሊሆን ይችላል። ሴቶች በጋብቻ በሁለት ጎሳዎች መካከል ስለሚቆሙ፣ እነርሱን መንካት የእርቁን መንገድ መቁረጥ ነው። መልእክተኛው ከተገደለ ደግሞ ጦርነቱን የሚያቆም ሰው አይገኝም።

የደም ካሳ

የሄር ዋና መሣሪያ "መግ" የሚባለው የደም ካሳ ነው። በኦሮሞ ባህል ጉማ፣ በአማራ አካባቢ ደም ማድረቅ ከሚባሉት ሥርዓቶች ጋር ዝምድና አለው። በሶማሌ ባህል በአጠቃላይ የታወቀው መጠን ለአንድ ወንድ ነፍስ 100 ግመል፣ ለአንዲት ሴት ነፍስ 50 ግመል ነው። በተግባር ግን መጠኑ በጎሳዎቹ መካከል ባለው ስምምነትና በነገሩ ሁኔታ ይለያያል፤ በግመል ፈንታ በሌላ ከብት ወይም በገንዘብ መክፈልም የተለመደ ነው።

ጥፋቶች በሦስት ይመደባሉ፦ "ዲል" (ነፍስ ማጥፋት)፣ "ቆን" (አካል ማቁሰል) እና "ደሊል" (ክብር መንካት)። ሦስተኛው ምድብ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ ስድብና ውርደት እንደ ቁስል ካሳ ያስከፍላሉ። ጦር በያዙ ሰዎች መካከል አንድ ቃል ደም ሊያፈስ ስለሚችል ሕጉ ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ ይሞክራል።

ካሳውን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻውን አይደለም። እያንዳንዱ ሰው አብሮ የሚከፍልና አብሮ የሚቀበል የዘመድ ስብስብ አባል ነው፤ የአንድ ስብስብ ብዛት ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ወንዶች ሊደርስ ይችላል። አሠራሩ በዛሬ ቋንቋ ከኢንሹራንስ ጋር ይመሳሰላል። አንድ ድሃ እረኛ 100 ግመል ከየትም አያመጣም፤ ዕዳው ለሁሉም ሲከፋፈል ግን ይከፈላል።

ሆኖም ይህ አሠራር ሌላም ውጤት አለው። አንድ ጎረምሳ በግልፍተኝነት ሰው ቢገድል ወንድሞቹ፣ አጎቶቹና የአጎት ልጆቹ ሁሉ ከመንጋቸው ይቀንሳሉ። ስለዚህ ሁሉም ዘመድ ጎረምሳውን ይጠብቀዋል፣ ይመክረዋል፣ ጠብ ሲያነሣ ይይዘዋል። ፖሊስ በሌለበት አገር እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ልጅ የሚቆጣጠርበት ምክንያት ያገኛል። ካሳው ከተከፈለ በኋላ ነገሩ ይዘጋል፤ ደም መላሽ ተነሥቶ ሌላ ነፍስ ቢያጠፋ አዲስ ዕዳ ይፈጠራል።

የፍርድ ሂደት

ፍርድ የሚሰጠው ከዛፍ ሥር ነው። በአብዛኛው ግራር ይመረጣል፤ ጥላውም ችሎቱም እርሱ ነው። ተበዳይና በዳይ በየወገናቸው ይቀመጣሉ፣ ዳኞቹ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ሽማግሌዎች እንዲሆኑ ይደረጋል፤ ተከራካሪ ያላመነበትን ዳኛ መቃወም ይችላል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። በፍርዱ ያልረካ ወገን ወደ ሌላ ሸንጎ ይግባኝ ሊል ይችላል።

ዳኞቹ በመጀመሪያ የሚጠይቁት "ይህን የመሰለ ነገር ከዚህ በፊት ታይቷል ወይ?" የሚለውን ነው። ቀድሞ ፍርድ የተሰጠበት ጉዳይ "ኡራድ" (የበኩር ልጅ) ይባላል፣ የቀድሞው ውሳኔም ይጠቀሳል። ፈጽሞ ያልታየ አዲስ ጉዳይ "ኡጉብ" ይባላል፤ ለዚህ ሸንጎው አዲስ መፍትሔ ያበጃል፣ ውሳኔውም ለሚቀጥለው ጊዜ ምሳሌ ይሆናል። አሠራሩ በእንግሊዝ አገር ካለው በቀደሙ ፍርዶች ላይ የተመሠረተ የሕግ ሥርዓት ጋር በእጅጉ ይቀራረባል። ሄር ኢሴ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይደርቅ የቆየውም መሠረቱን ሳይለቅ አዳዲስ ጉዳዮችን መቀበል በመቻሉ ነው።

ሕጉ አልተጻፈም፤ በምሳሌያዊ አነጋገር፣ በግጥምና በተረት መልክ በብዙ ሰዎች ራስ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ ቢረሳ ሌላው ያስታውሰዋል፤ አንዱ ቢያዛባ ሸንጎው ያርመዋል። ኮምፒውተር የሚያጠኑ ሰዎች አንድን መረጃ በብዙ ቦታ ማስቀመጥ ከጥፋት እንደሚያድነው ያውቃሉ፤ የሄርም ጥንካሬ ከዚሁ ይመጣል። ድክመቱም እዚያው አለ፤ ወጣቶች ከሸንጎው ሲርቁ ቅጂዎቹ ይቀንሳሉ።

እንግዳና ከለላ

በጎሳ ምድር የሚያልፍ እንግዳ "አባን" የሚባል ዋስ ያስፈልገዋል። አባን የእንግዳውን ሕይወትና ንብረት በኃላፊነት የሚረከብ የጎሳው ሰው ነው። እንግዳው ቢዘረፍ ወይም ቢገደል የተነካው የአባኑ ክብር ስለሆነ ካሳ የሚጠይቀው እርሱና ወገኑ ነው። በዘይላና በሐረር መካከል ይመላለሱ የነበሩ የሲራራ ነጋዴዎች ጨው፣ ቡናና ጨርቅ ይዘው ይህን ምድር ያቋርጡ የነበሩት በዚህ ሥርዓት ነው። በርተንም በጉዞው አባን ቀጥሮ ነበር።

ድሬዳዋና መጋላ

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. (1902 እ.ኤ.አ.) ከሐረር ተራሮች ሥር ሲደርስ ድሬዳዋ ተመሠረተች። ሐዲዱ ረጅሙን መንገድ የሚሄደው በኢሳ ምድር ስለነበር፣ የባቡር ኩባንያው ሥራውን ለማካሄድ ከጎሳው ጋር መስማማት ነበረበት። ባቡሩ የግመል ሲራራን ገቢ ቀንሷል፤ በሌላ በኩል የሐዲድ ሥራ፣ ጥበቃና የድንበር ንግድ አዲስ መተዳደሪያ ሆነዋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡርም በዚሁ በሲቲ ዞን በኩል ያልፋል።

ድሬዳዋ በደቻቱ ወንዝ ለሁለት ትከፈላለች። በአንድ ወገን ቀጥ ባሉ መንገዶቿ የምትታወቀው ከዚራ፣ በሌላው ወገን ገበያዎችና ጠባብ መንገዶች የሞሉባት መጋላ ይገኛሉ። "መጋላ" የሚለው ቃል በአካባቢው ቋንቋዎች ከተማ ወይም ገበያ ማለት ነው። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራውና የመን መጡ ነጋዴዎች ጎን ለጎን የኖሩባት ይህች ሰፈር፣ ከገጠር ለሚመጣው ኢሳ የከተማ መግቢያ በር ሆና ቆይታለች። የከተማዋ ስም ራሱ በየቋንቋው የየራሱ ትርጓሜ አለው፤ በሶማሌዎች ዘንድ ከሚነገሩት አንዱ የጎሳው አባት ዲር ጦሩን የተከለበት ቦታ ነው የሚል ነው።

በከተማ ሄር መልኩን ይለውጣል። ዛፉ በመኖሪያ ቤት በረንዳ ወይም በጫት መቃሚያ ክፍል ይተካል፣ ግመሉ በብር ይተመናል። ከጠቡ ይልቅ የመኪና አደጋ፣ የሱቅ ኪራይና የንግድ ዕዳ ይበዛሉ። አሽከርካሪ ሰው ገጭቶ ከገደለ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ስለ መግ ይነጋገራሉ፤ ፖሊስና ፍርድ ቤትም የየራሳቸውን ሥራ ይቀጥላሉ። ሟች የሌላ ብሔረሰብ ሰው ከሆነ ሄር ብቻውን አይበቃም፤ የሁለቱ ማኅበረሰቦች ሽማግሌዎች የጋራ መንገድ መፈለግ ይኖርባቸዋል።

ከመንግሥት ሕግ ጋር ያለው ግንኙነት

የ1952 ዓ.ም. (1960 እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ የነበሩ ልማዳዊ ሕጎችን ሽሮ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 34 እና 78 በግልና በቤተሰብ ጉዳዮች ተከራካሪዎቹ ፈቃደኛ ከሆኑ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘት እንዲቻል በር ከፍቷል። የወንጀል ጉዳይ በዚህ ውስጥ አልተካተተም። በተግባር ግን በሶማሌ ክልልና በድሬዳዋ ዙሪያ የግድያ ጉዳይ ሳይቀር በሽማግሌ እጅ ይታያል።

ሁለቱ ሥርዓቶች በመሠረታዊ ሐሳብ ይለያያሉ። የመንግሥት ሕግ ጥፋተኛውን በግሉ ይቀጣል፤ ሄር ወገንን በጋራ ተጠያቂ ያደርጋል። ፍርድ ቤት ገዳዩን ቢያስርም የሟች ቤተሰብ ካሳ ካላገኘ ቂሙ አይበርድም፤ ካሳው ቢከፈል ደግሞ ጥፋተኛው በግሉ ሳይቀጣ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ትችቶችና ፈተናዎች

ሄር ኢሴ እኩልነትን ቢሰብክም፣ ሴቶች በሸንጎ ዳኛ ሆነው አይቀመጡም፤ ጉዳያቸው የሚቀርበው በወንድ ዘመዶቻቸው በኩል ነው። የሴት ነፍስ ካሳ ከወንድ በግማሽ ማነሱና በሶማሌ ባህል ለእርቅ ሲባል ልጃገረድን ለተበዳይ ወገን የመዳር ልማድ መኖሩ ከሕገ መንግሥቱ የእኩልነት ድንጋጌ ጋር ይጋጫሉ። የወል ኃላፊነትም ያላጠፋው ሰው ስለ ዘመዱ እንዲከፍል ስለሚያደርግ ይተቻል።

ትልቁ ፈተና ግን ሕጉ ከጎሳው ወሰን ውጭ ሲወጣ ነው። ሄር ኢሴ ኢሳን ከኢሳ ጋር ያስተሳስራል፤ ከሌላ ሕዝብ ጋር የሚኖረው ሰላም በሌላ ስምምነት ላይ ይቆማል። አፋሮችም መድአ የሚባል የራሳቸው ባህላዊ ሕግ አላቸው። ሁለቱ ሕዝቦች በሃይማኖትም በአኗኗርም የሚቀራረቡ ሆነው ሳለ፣ በአዋሽ ዳርቻ ግጦሽና ወደ ጅቡቲ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባሉት እንደ ገዳማይቱ፣ ኡንዱፎና አዳይቱ ባሉ ከተሞች ጉዳይ ሲጋጩ ኖረዋል። ጦርና ጋሻ በጠመንጃ ሲተካ፣ የግጦሽ ክርክር ደግሞ የክልል ወሰን ክርክር ሲሆን የሽማግሌዎች ቃል ብቻውን የሚበቃ አልሆነም። አውቶማቲክ ጠመንጃ ከሩቅ ሲተኮስ ሴትና ሕፃን ስለማይለይ "ብረት የማይነካቸው" የተባሉትም ሰለባ ይሆናሉ።

በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ካሉ የጎሳ ጦረኞች ጋር ሲነጻጸር

በጎሳ የተደራጁ ጦረኛ ሕዝቦች በሳይንሳዊ ልብ ወለድ የተለመዱ ናቸው። ከታወቁት መካከል በ1967 እ.ኤ.አ. በስታር ትሬክ ተከታታይ ፊልም ላይ መጀመሪያ የታዩት ክሊንጎኖች፣ በፍራንክ ኸርበርት "ዱን" (1965 እ.ኤ.አ.) ውስጥ ያሉት የበረሃ ሰዎች ፍሬመኖች፣ የስታር ዎርስ ማንዳሎሪያኖች፣ እንዲሁም በ1984 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ባትልቴክ በተባለው ጨዋታ ውስጥ በተኩላና በጭልፊት በመሳሰሉ እንስሳት ስም የተሰየሙት ጎሳዎች ይገኙበታል። የእነዚህን ዓለማት አሠራር ከሄር ጋር ማስተያየት ሁለቱንም ለመረዳት ይጠቅማል።

በባትልቴክ ተዋጊዎች ከውጊያ በፊት የሚያሰልፉትን ኃይል ያስታውቃሉ፤ በጨረታ መልክም በትንሽ ኃይል ለማሸነፍ ይወዳደራሉ። ዓላማው የጦርነትን ጥፋት መገደብ ስለሆነ ከቢሪ ማ ገይዶ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ በዚያ ዓለም ተዋጊው ከሌሎች መደቦች ሁሉ በላይ የተቀመጠ ገዥ መሆኑ ነው፤ በኢሳ ዘንድ ግን ጦር መያዝ ከሸንጎ በላይ አያደርግም። ማንዳሎሪያኖች ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ወደ ጎሳቸው ተቀብለው እንደ ልጅ ያሳድጋሉ፤ ኢሳም ከትውልድ ውጭ የመጡትን በቃል ኪዳን አንድ አድርጓል።

በክሊንጎኖች ዘንድ የአባት ውርደት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በሄርም ዕዳው የወገን ነው፤ ነገር ግን ተተምኖ ይከፈላል፣ ከተከፈለም ያልቃል። በፍሬመኖች ባህል መሪነት መሪውን በውጊያ ገድሎ ሊወሰድ ይችላል፤ ዑጋዝነት ግን በጦር አይያዝም። በአጠቃላይ የልብ ወለድ ደራሲዎች ከጎሳ ባህሎች ጦሩን፣ ክብሩንና መሐላውን አብዝተው ይወስዳሉ። በገሃዱ ዓለም ማኅበረሰቡን ያቆየው ከዛፍ ሥር ተቀምጦ መነጋገር ግን ለፊልም ስለማይመች ብዙ ጊዜ ይቀራል።

ዛሬ ያለበት ሁኔታ

በዩኔስኮ ሲመዘገብ ሄር ኢሴ ከመስቀል በዓል፣ ከፊቼ ጫምባላላ፣ ከገዳ ሥርዓት፣ ከጥምቀትና ከሐረሪው ሹዋሊድ ቀጥሎ ኢትዮጵያ ያስመዘገበችው ስድስተኛ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኗል። ሦስት አገሮች በአንድነት ማቅረባቸው የሕጉ ግዛት በድንበር የማይቆረጥ መሆኑን ያሳያል፤ በድሬዳዋ፣ በዘይላና በጅቡቲ ከተማ ያለ ኢሳ ሦስት የተለያየ ፓስፖርት ቢይዝም በአንድ ሄር ይዳኛል።

ከጅቡቲ ምሁራን አሊ ሙሳ ኢዬ በ1990 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ያሳተመው "የዛፉ ፍርድ" የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የያዘ መጽሐፍ ሕጉን ለውጭ አንባቢ ካስተዋወቁት ሥራዎች ዋነኛው ነው። በጽሑፍ ማስፈር ሕጉን ከመረሳት ያድነዋል፤ ነገር ግን የተጻፈ ሕግ ይደርቃል፣ ኡጉብ ጉዳይ ሲመጣ ለመነጋገር ቦታ አይተውም የሚል ስጋትም አለ። የከተማ ልጆች ትምህርት ቤት ሲውሉ፣ ድርቅ ደግሞ አርብቶ አደሩን ከመንጋው ሲለይ፣ ሕጉን ከሽማግሌዎች እግር ሥር ተቀምጦ የሚማር ትውልድ እየቀነሰ ነው። የሄር ኢሴ ዕድሜ የሚወሰነውም በመዝገብ ላይ በመስፈሩ ሳይሆን፣ ሰው ሲሞት የሁለቱ ወገን ዘመዶች ጠመንጃ ከማንሳታቸው በፊት ሽማግሌ በመጥራታቸው ነው።